ቁጥሩና ቅጂው፦ ስለ ኅትመት ሥዕል ጥራትና የዳግም ሽያጭ ዋጋ

የኅትመት ሥዕል ከሌሎቹ የሥነ ጥበብ ዘርፎች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። በሸራ ላይ የተሣለ ሥዕል አንድ ብቻ ነው፤ ከአንድ ቤት ከገባ ለሌላው ቤት አይተርፍም። ከተቀረጸ እንጨት፣ በአሲድ ከተበላ መዳብ ወይም ከተሣለበት ድንጋይ እየታተመ የሚወጣው ሥዕል ግን ብዙ ነው። ከብዙዎቹም አንዱ ዋና፣ ሌላው ግልባጭ አይባልም፤ እያንዳንዱ ቅጂ ራሱ ዋናው ሥራ ነው። አንድ መምህር ከደመወዙ ቆጥቦ የአንድን ታላቅ ከያኒ ሥራ፣ ፎቶግራፉን ሳይሆን ሥራውን ራሱን፣ በቤቱ ግድግዳ ላይ ሊሰቅል የሚችለው ከሁሉ ይልቅ በዚህ ዘርፍ አማካይነት ነው።

ይሁንና በዛሬው የሥዕል ገበያ አያሌ ገዢዎች በመጀመሪያ የሚያዩት ሥዕሉን አይደለም። ዓይናቸው የሚወርደው ከሥዕሉ በታች በእርሳስ ወደ ተጻፈችው ትንሽ ክፍልፋይ ነው። «12/50» ብትል፣ እትሙ 50 ቅጂዎች እንዳሉትና ይህኛው 12ኛው ተብሎ እንደ ተመዘገበ ትናገራለች። የታችኛው ቁጥር ባነሰ መጠን የሚጠየቀው ዋጋ ይጨምራል፤ «ነገ በእጥፍ ይሸጣል» የሚል ተስፋም ከሥዕሉ ጋር አብሮ ይሸጣል። ምስክር እንዲሆን የተጻፈው ቁጥር ዳኛ ሆኖ ተቀምጧል።

ታዲያ የአንድን የኅትመት ሥዕል ዋጋ በእርግጥ የሚወስነው ቁጥሩ ነውን? የዘርፉ የአምስት መቶ ዓመታት ታሪክ ሲመረመር የሚገኘው መልስ ሌላ ነው። ዘመን ተሻግሮ የሚጸናው ዋጋ የሚመነጨው ቅጂው በማን እጅ፣ በምን ወረቀትና በምን ጥራት እንደ ታተመ፣ ከዚያም በኋላ እንዴት እንደ ተጠበቀ ከሚያሳየው እውነት ነው። ቁጥሩ ይህን እውነት ሲመሰክር ይከበራል፤ እውነቱን ሊተካ ሲነሣ ግን ማታለያ ይሆናል።

በመሠረቱ ይህ ዘርፍ የተወለደው ለመብዛት ነው። አልብረሽት ዱረር እ.ኤ.አ. በ1498 በኑርንበርግ የራእየ ዮሐንስን የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች በራሱ ወጪ አሳትሞ ሲያሰራጭ በቅጂዎቹ ላይ ቁጥር አልጻፈም። ያስቀመጠው ከስሙ መነሻ ፊደላት የተሠራውን ምልክቱን ብቻ ነበር። የምልክቱም ክብደት እስከዚህ ድረስ ደርሶ ስለነበር ጣሊያናዊው ማርካንቶኒዮ ራይሞንዲ የዱረርን ሥራዎች ከነምልክታቸው እየቀረጸ መሸጥ ጀመረ። ቫሳሪ እንደ ጻፈው ዱረር በቬኒስ አቤት ቢልም ያገኘው ፍርድ ምልክቱን መጠቀምን የሚከለክል ብቻ ነበር። ከዚህ እንደሚታየው የሐሰት ቅጂ ችግር ከቁጥሩ በፊት የነበረ፣ ከገበያው ጋር አብሮ ያደገ ችግር ነው።

የመብዛቱ ጥቅም ኢትዮጵያም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1590 እና በ1591 በሮም በሜዲቺ ማተሚያ ቤት የታተመው የዐረብኛ ወንጌል በአንቶኒዮ ቴምፔስታ ንድፍ የተቀረጹ የእንጨት ሥዕሎች ነበሩበት። የመጽሐፉ ቅጂዎች ባሕር ተሻግረው በመድረሳቸው የጎንደር ዘመን ሠዓልያን የሥዕሎቹን አቀማመጥ ወስደው በራሳቸው ቀለምና በራሳቸው መስመር ለውጠው በብራና ላይ ሣሉት። ሥዕሎቹ በጥቂት እጆች ተቈልፈው ቢቀሩ ኖሮ ይህ የጥበብ ግንኙነት ባልተፈጠረ ነበር።

የኅትመት ሥዕል ይብዛ እንጂ ወሰን የለውም ማለት ግን አይደለም። የመጀመሪያውን ወሰን የሚያበጀው ነጋዴው ሳይሆን የሥራው ቁስ ነው። በእንጨት ቅርጽ ቀለሙን የሚቀበለው ሳይቀረጽ ከፍ ብሎ የቀረው ክፍል ስለሆነ ጠንካራ እንጨት ብዙ ቅጂ ያወጣል፤ ከጊዜ በኋላ ግን ቀጫጭን መስመሮች ይሰበራሉ፤ እንጨቱም ይሰነጠቃል። በመዳብ ሥራ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ቀለሙ የሚቀመጠው በተቈፈረው መስመር ውስጥ ነው፤ እርጥብ ወረቀት በከባድ መጭመቂያ ሥር ሲያልፍ ቀለሙን ከጉድጓዱ ስቦ ያወጣል። በእያንዳንዱ ጭመቃና በእያንዳንዱ ጠረጋ መዳቡ በጥቂቱ ይላላል፤ መስመሩም ጥልቀቱን ያጣል።

ከሁሉም በላይ ፈጥኖ የሚያረጀው ደረቅ መርፌ የሚባለው ሥራ ነው። በዚህ ዘዴ አሲድ የለም፤ ከያኒው መዳቡን በሹል መርፌ በቀጥታ ይጭራል። ማረሻ መሬቱን ሲቀድ በትልሙ ዳር አፈር እንደሚከመር ሁሉ መርፌውም በመስመሩ ዳር ስስ የመዳብ ጉብታ ይተዋል። ቀለሙ በዚህ ጉብታ ላይ ሲያርፍ ለስላሳና ጥልቅ፣ ከፈይ የመሰለ ጥቁረት ይሰጣል። ነገር ግን ጉብታው ከጥቂት ቅጂዎች በኋላ ስለሚደቅ ኋላ የሚታተመው ከስቶና ደርቆ ይወጣል። ቅርጹ ያው ነው፤ ሰሌዳው ያው ነው፤ ሥዕሉ ግን ያው አይደለም።

የዚህን ምስጢር ከሬምብራንት ይበልጥ ያወቀ የለም። እ.ኤ.አ. በ1653 በደረቅ መርፌ የሠራው «ሦስቱ መስቀሎች» በመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ከሰማይ የሚወርድ ብርሃን በጎልጎታ የቆሙትን ሰዎች ሲያጥለቀልቅ ያሳያል። ሰሌዳው እየላላ ሲሄድ ሬምብራንት ያረጀውን መስመር ለማደስ አልሞከረም፤ ሥዕሉን እንደገና አሰበው። በአራተኛው ደረጃ አያሌ ሰዎችን አጠፋ፤ አዲስ ፈረሰኛ አስገባ፤ ከላይ እስከ ታች በከባድ መስመሮች ጨለማ አወረደ። በመጀመሪያው ብርሃን የሚናገረው ሥራ በአራተኛው ጨለማ የሚናገር ሆነ። የሰሌዳውን እርጅና ወደ አዲስ ሐሳብ የለወጠው የከያኒው እጅ ነበር። ስለዚህም ሁለቱ ደረጃዎች እንደ ሁለት ሥራዎች ይጠናሉ፤ እያንዳንዱም በየራሱ ክብር ይፈለጋል።

ያው ከያኒ እ.ኤ.አ. በ1648 ገደማ ያጠናቀቀው፣ ክርስቶስ ሕሙማንን ሲፈውስ የሚያሳየው ሥራ ደግሞ ሌላውን ወገን ያስተምራል። ሥራው በዘመኑ ተከፈለበት ከሚባለው ውድ ዋጋ የተነሣ «የመቶ ጊልደር ኅትመት» የሚል ስም ወጣለት። ሬምብራንት አንዳንዶቹን ቅጂዎች ከጃፓን በመጣ፣ ቀለምን በልስላሴ በሚቀበል ወረቀት ላይ አትሟቸዋል። እርሱ ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1775 ገደማ፣ ዊልያም ቤይሊ የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኰንን ያረጀውን ሰሌዳ ገዝቶ መስመሮቹን በራሱ እጅ ደግሞ ቀረጻቸው፤ አሳትሞም ሸጠ። በኋላም ሰሌዳውን ቈራርጦ አራት አደረገውና ቁርጥራጮቹን ለየብቻ አሳተመ። ሌሎቹም የሬምብራንት ሰሌዳዎች በ18ኛው ምዕት ዓመት ማብቂያ በፓሪሱ ነጋዴ በባሳን እጅ ገብተው ደጋግመው ታትመዋል።

እነዚህ የኋላ ቅጂዎች ከሬምብራንት ሰሌዳ የወጡ መሆናቸው አይካድም። የሬምብራንት ሥራዎች ናቸው ለማለት ግን ያዳግታል። በከያኒው እጅ የታተመው ቅጂና ሰሌዳው ካረጀ በኋላ ሌሎች ያተሙት በአንድ ሐራጅ ጎን ለጎን ቢቀርቡ የዋጋቸው ርቀት እጅግ ሰፊ ነው። ርቀቱን የሚፈጥረው ቁጥር አይደለም፤ በሁለቱም ላይ የተጻፈ ቁጥር የለምና። የጥቁረቱ ጥልቀት፣ የመስመሩ ጥራት፣ የወረቀቱ ዕድሜና የሰሌዳው ደረጃ ናቸው የሚፈርዱት። አዳም ፎን ባርች እ.ኤ.አ. ከ1803 እስከ 1821 በ21 ቅጾች ያሳተመው ታላቅ መዝገብና ከእርሱ በኋላ የመጡት መዝገቦች ሥራዎችን ለይተው በመመዝገብ ለዚህ ፍርድ መሠረት ጥለዋል።

የፍራንሲስኮ ጎያም ታሪክ ከዚህ ጋር ይዛመዳል። እ.ኤ.አ. በ1799 «ካፕሪቾስ» የተባሉት 80 ሥዕሎቹ በማድሪድ የሽቶና የመጠጥ መሸጫ በሆነ ሱቅ ለሽያጭ ቀረቡ። ጎያ በኋላ እንደ ገለጸው የተሸጠው 27 ጥራዝ ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1803 ሰሌዳዎቹንና ያልተሸጡትን 240 ጥራዞች ለንጉሡ አስረከበ። የእነዚህ ሥዕሎች ነፍስ ያለው አኳቲንት በሚባለው ዘዴ ነው። በሰሌዳው ላይ የተበተነ የሙጫ ዱቄት አሲዱን በነጥብ በነጥብ ስለሚያግደው ከዳመና የመሰለ ግራጫ እስከ ድቅድቅ ጨለማ ይገኛል። ይህ ስስ ገጽ ግን ፈጥኖ የሚበላ ነው። ከጎያ ሞት በኋላ በተከታታይ በወጡት እትሞች ግራጫው እየሳሳ ሄደ፤ ሌሊቱም ወገግ አለ። የጎያ ሌሊት ከወገገ በውስጡ የሚርመሰመሱት ጠንቋዮችና ግብዞች ማስፈራታቸውን ያጣሉ፤ ሂሱም ከነጥርሱ ይረግፋል።

«የጦርነት መዓት» የተባሉት ሥዕሎቹ ደግሞ በሕይወት ሳለ አልታተሙለትም። ጎያ እ.ኤ.አ. በ1828 ሞተ፤ የሳን ፈርናንዶ አካዳሚ ሥራዎቹን ያወጣው በ1863 ነው። አሳታሚዎቹ በዘመናቸው ልማድ በሰሌዳው ገጽ ላይ ስስ ቀለም ትተው በማተማቸው ጎያ ራሱ ካወጣቸው ጥቂት የሙከራ ቅጂዎች ይልቅ ሥዕሎቹ ደብዘዝና ለዘብ ብለው ወጡ። በሙከራ ቅጂዎቹ ነጩ ወረቀት ራቁቱን ይጮኻል፤ በ1863ቱ እትም ጩኸቱ በመጋረጃ ውስጥ የሚሰማ ይመስላል። የኅትመት ጥራት ጉዳይ የነጋዴዎች ጭቅጭቅ ብቻ ነው የሚል ካለ እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ይይ። ጥራቱ ሲለወጥ የሚለወጠው የሥራው ትርጉም ነው።

ቅጂን ቈጥሮና ፈርሞ የመሸጥ ልማድ የተስፋፋው በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ነው። ለልማዱ መስፋፋት ከሚጠቀሱት አንዱ ጄምስ ዊስለር ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 የከሠረው ዊስለር የለንደኑ የሥነ ጥበብ ማኅበር ለ12 የቬኒስ ሥዕሎች ባዘዘው መሠረት ወደዚያች ከተማ ሄደ፤ እትሙም በ100 ተወሰነ። ዊስለር ሰሌዳውን ቀለም እየቀባ፣ እየጠረገ፣ ብዙውን ጊዜ በራሱ እጅ ያትም ስለነበር ሥራው ዓመታት ፈጀ። በአንዱ ቅጂ ውኃው ጠዋት ይመስላል፤ በሌላው ምሽት። የወረቀቱንም ኅዳግ ቈርጦ እየጣለ የቢራቢሮ ፊርማውን የሚያኖርባት ትንሽ ጆሮ ብቻ ያስቀር ነበር። ሰፊ ኅዳግ የሌለው ቅጂ አይረባም ለሚሉ ሰብሳቢዎች ይህ በቂ መልስ ነው። በዊስለር ሥራ ፊርማው ቅጂውን አይቶ ያጸደቀ የከያኒ ቃል ነበር፤ የፊርማ ትክክለኛ ትርጉሙም ይኸው ነው።

ስለ ቁጥሩ የተስፋፋ አንድ ስሕተትም መታረም አለበት። አያሌ ገዢዎች «1/50» ከ«50/50» በፊት የታተመና ስለዚህም የተሻለ ይመስላቸዋል። በተለመደው አሠራር ግን ቅጂዎቹ ከደረቁና ከተመረጡ በኋላ ተደራርበው ለከያኒው ይቀርባሉ፤ እርሱም እንደ ተደራረቡ ይቈጥራቸዋል። ስለሆነም ቁጥሩ የኅትመቱን ቅደም ተከተል ላይከተል ይችላል። ከተቈጠሩት ውጭም የከያኒው የግል ቅጂዎች፣ የአታሚው ቅጂዎችና ለሽያጭ አይደሉም የተባሉ ቅጂዎች አሉ። እነዚህ ልከኞችና የተመዘገቡ ሲሆኑ ነውር የለባቸውም። ነገር ግን ያው ሥዕል በአንድ ወረቀት 300፣ በሌላ ወረቀት 100፣ በሮማውያን አኃዝ ደግሞ ሌላ 100 ሲወጣ በኅዳጉ ላይ የተጻፈው ቁጥር እውነት እየተናገረ ይዋሻል።

በ19ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ የመዳቡን ገጽ በኤሌክትሪክ ኃይል በስስ ብረት የመሸፈን ዘዴ ተገኘ። ይህም ቁሱ ያበጀውን ወሰን በእጅጉ አሰፋው፤ ደካማው ሰሌዳ እንኳ ብዙ ቅጂ ለመስጠት በቃ። ከዚህ በኋላ ወሰኑ በሰው ውሳኔ የሚጸና ሆነ። በውሳኔ የጸና ወሰን ደግሞ የሚቆመው በእምነት ላይ ብቻ ነው፤ ለእምነቱም ማስረጃ ያስፈልገዋል። እትሙ ሲያበቃ ሰሌዳውን በጭረት መሰረዝና የተሰረዘውን ሰሌዳ አንድ ቅጂ አትሞ ማስቀመጥ የመጣው ከዚህ የተነሣ ነው።

የፓብሎ ፒካሶ «የቮላር ሥዕሎች» በዚህ ረገድ ጥሩ መፈተኛ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1930 እስከ 1937 የተሠሩት 100 ሰሌዳዎች በፓሪሱ ታላቅ አታሚ በሮዠ ላኩሪየር እጅ ታተሙ፤ 260 ቅጂ በመደበኛው ወረቀት፣ 50 በሰፊው ወረቀት፣ 3 ደግሞ በብራና። አሳታሚው አምብሯዝ ቮላር እ.ኤ.አ. በ1939 በመኪና አደጋ በመሞቱ ቅጂዎቹ ለሌላ ነጋዴ ተላለፉ፤ ፒካሶም ከዓመታት በኋላ ጥቂት በጥቂት እየፈረመ ሄደ፤ ሳይፈረሙ የቀሩም አሉ። በአንድ ጊዜ፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ወረቀት ከታተሙት ሁለት ቅጂዎች የተፈረመው በገበያ የበለጠ ያወጣል። የዋጋው ልዩነት የኅትመት ጥራት ልዩነት አይደለም። ለሥዕሉ ሲል የሚገዛ ሰው ያልተፈረመውን በአነስተኛ ዋጋ ቢወስድ ከሥዕሉ ያጎደለው ነገር የለም። የብሪቲሽ ሙዚየም ሙሉውን ጥራዝ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲያገኝ ለሕዝብ የቀረበው የፊርማዎች ስብስብ ሳይሆን የአንድ ከያኒ የሰባት ዓመት ሐሳብ ነው።

በዚያው በ2011 የዚሁ ከያኒ «የምታለቅሰው ሴት» የተባለች የ1937 የኅትመት ሥዕል በኒውዮርክ ሐራጅ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥታለች። የቅጂዎቿ ማነስ ለዋጋው እንደ ረዳ ግልጽ ነው። ነገር ግን በጥቂት ቅጂ የታተሙ ማንም የማይፈልጋቸው ሥዕሎችም በየመሣቢያው ሞልተዋል። ማነስ የሚፈለገውን ነገር ያስወድዳል እንጂ የማይፈለገውን ተፈላጊ አያደርግም።

ቁጥርና ፊርማ ከሥራው ሲለዩ የሚደርሰውን ጥፋት የሳልቫዶር ዳሊ ጉዳይ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1974 የፈረንሳይ ጉምሩክ ወደ አንዶራ ሲሄድ በያዘው አንድ የጭነት መኪና ውስጥ ዳሊ የፈረመባቸው 40,000 ባዶ ወረቀቶች እንደ ተገኙ ተዘግቧል። ፊርማው ከሥዕሉ ቀደመ፤ የሚጸድቀው ሥራ ሳይኖር ማጽደቂያው ተዘጋጀ። በወረቀቶቹ ላይ ከያኒው ያላያቸው ሥዕሎች ሊታተሙ መንገዱ ተከፈተ፤ የፊርማውን አስመሳዮችም ተበራከቱ። ገንዘባቸውን ለልጆቻቸው ይቀመጣል ብለው ያወጡ ብዙ ገዢዎች በኋላ ሊሸጡ ሲወጡ ታማኝ የሐራጅ ቤት የማይቀበለው ወረቀት ይዘው ቀሩ። የበለጠ የተጎዳው ግን ዳሊ በእርግጥ የሠራቸው መልካም የኅትመት ሥራዎች ናቸው፤ በጥርጣሬ ጥላ ሥር ወድቀዋልና።

ከዚህ ቀለል ያለ የሚመስለው፣ ግን ይበልጥ የተስፋፋው ችግር በፎቶግራፍ የተገለበጠን የቀለም ቅብ ቈጥሮና አስፈርሞ «የተወሰነ እትም» ብሎ መሸጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ጃክ ዱጋን «ዢክሌ» የሚል የፈረንሳይኛ መሰል ስም ያወጣለት በኮምፒውተር የሚረጭ ቀለም ኅትመት ነገሩን አቀለለው። ዘዴው በራሱ አይነቀፍም፤ የመጀመሪያዎቹ ቀለሞች በብርሃን ቶሎ ቢደበዝዙም በማዕድን ቀለም የሚሠሩት የኋለኞቹ እጅግ የተሻሉ ናቸው። ከያኒው ሥራውን ከመነሻው ለዚህ መሣሪያ ካሰበው ውጤቱ የራሱ ጥበብ ሊሆን ይችላል። ሸራ ላይ ያለቀ ሥዕል ተገልብጦ ሲቈጠር ግን የሚያረጅ ሰሌዳ የለም፤ የአታሚ እጅ ፍርድም የለም፤ 500ኛው ከመጀመሪያው አይለይም። እንዲህ ያለው ቅጂ ለግድግዳ ጌጥ፣ ለማስተማሪያም ይጠቅማል፤ በዚያው ልክ ዋጋ ይሸጥ። እንደ ውርስ ሀብት መሸጡ ግን ሐቀኝነት ይጎድለዋል። የዳግም ሽያጭ ገበያውም ይህን በቶሎ ያውቃል፤ ሐራጅ ቤት ከገዢም ከሻጭም ድርሻውን ስለሚወስድ በሱቅ ዋጋ የተገዛ ቅጂ የወጣበትን እንኳ ሳይመልስ ሊሸጥ ይችላል።

«ቁጥር ባይኖር ከያኒው በምን ይኖራል?» የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ የኅትመት ከያኒ እንጀራው ሥራው ነውና። ሆኖም ታሪክ ሌላም መንገድ እንዳለ ይመሰክራል። ሜክሲኳዊው ሆሴ ጓዳሉፔ ፖሳዳ እ.ኤ.አ. እስከ ሞተበት እስከ 1913 ድረስ በሳንቲም ለሚሸጡ የመንገድ ወረቀቶች ቀርጿል። እ.ኤ.አ. በ1937 እነ ሊዮፖልዶ ሜንዴዝ ያቋቋሙት የሜክሲኮ የሕዝብ ግራፊክ ሥራ ቤትም ሊኖሊየም እየቀረጸ ለሠራተኛውና ለገበሬው በርካሽ አዳርሷል። ጀርመናዊቷ ኬተ ኮልቪትስ እ.ኤ.አ. በ1921 እና በ1922 «ጦርነት» ለተባሉት ሰባት ሥዕሎቿ እንጨትን መረጠች። ተንበርክከው አንድ ጥቁር ክምር የሆኑት ወላጆች ልጇን በጦርነት ያጣችው የራሷ ሐዘን ናቸው። በነዚህ ሥራዎች ላይ መብዛት ክብርን አልቀነሰም፤ ዛሬ በታላላቅ ሙዚየሞች በጥንቃቄ ይጠበቃሉ።

እዚህ ላይ ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ለብዙኃን የሚታተም ሥዕል በመናኛ ወረቀት ቢታተም ምን ይጎዳል? በርካሽ ከእንጨት ዱቄት የሚሠራ ወረቀት በውስጡ ያለው አሲድ እያደር ያነደዋል፤ ይወይባል፤ ሲነካ ይፈረፈራል። ኮልቪትስም ብትሆን ሰሌዳዎቿ ከሞተች በኋላም ጭምር ደጋግመው ስለ ታተሙ ዐዋቂዎች የቀደመውን ቅጂ ከኋለኛው በወረቀቱና በመስመሩ ጥራት ይለያሉ። ሕዝብን ማገልገል ለአታሚው ቸልተኝነት ሰበብ ሊሆን አይችልም፤ በርካሽ የሚሸጠው ሥራ በጥንቃቄ ሊታተም ይበልጥ ይገባዋል፤ ገዢው ሁለተኛ የሚገዛበት ገንዘብ የለውምና።

የጥበቃውም ነገር ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ከጥጥ ጨርቅ የተሠራ አሲድ የሌለበት ወረቀት ለምዕት ዓመታት ይኖራል፤ በተሳሳተ አያያዝ ግን በጥቂት ዓመታት ይበላሻል። በደጋው ከተማ ብርቱ ፀሐይ ፊት ለፊት የተሰቀለ ሥዕል ቀለሙን ያጣል፤ በክረምቱ እርጥበት ከመስተዋቱ ጋር የተጣበቀ ወረቀት ሻጋታና ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። በሙጫ ከካርቶን ጋር የተለጠፈ፣ ለክፈፉ ይስማማ ተብሎ ዳሩ የተቈረጠ፣ በፕላስተር የተያዘ ቅጂ፣ ቁጥሩ 1/10 ቢሆንም እንኳ፣ በዳግም ሽያጭ አብዛኛውን ዋጋውን ያጣል።

ከዳግም ሽያጭ ትርፍ ለከያኒው የሚደርሰው ምንድን ነው? ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1920 ሥራው በተሸጠ ቁጥር ሠዓሊው ድርሻ እንዲያገኝ በሕግ ደነገገች። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው መመሪያ መብቱን አስፋፋው፤ በከያኒው ወይም በፈቃዱ በተወሰነ ቁጥር የተሠሩ ቅጂዎችንም አካተተ። እስከ 50,000 ዩሮ ለሚደርስ ዋጋ ድርሻው 4 በመቶ ሲሆን፣ ከአንድ ሽያጭ የሚገኘው ከ12,500 ዩሮ አይበልጥም። ይሁንና አገሮች እስከ 3,000 ዩሮ የሚደርስ መነሻ ወለል እንዲያበጁ ተፈቅዶላቸዋል፤ ወለሉ ከፍ ባለበት ስፍራ በርካሽ የሚሸጥ የኅትመት ሥዕል ከጥቅሙ ውጭ ይሆናል። ለብዙኃን የሚሠራው ከያኒ በመብቱ ዳር ይቀራል ማለት ነው። ኑሮው የሚደገፈው በዋናነት በመጀመሪያው ሽያጭ ስለሆነ የመጀመሪያው ገዢ እምነት ለእርሱ ትልቁ ሀብት ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ዘርፍ መሠረት አለው። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ውስጥ ከሐምቡርግ ተነሥቶ በብራዚል የኖረው ሃንዘን ባሂያ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 የእንጨት ቅርጽ ኅትመትን አስተምሯል። ዘሪሁን የትምጌታን የመሰሉ ከያንያን ከብራናና ከክታብ ሥዕል የወረሱትን መስመር ወደ እንጨት አምጥተዋል። የእንጨት ቅርጽ ከባድ መጭመቂያ ሳይኖር በማንኪያ ጀርባ እየታሸ እንኳ ሊታተም የሚችል በመሆኑ መሣሪያ ለሚያጥረው ትምህርት ቤት የተመቸ ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ በአዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ እ.ኤ.አ. በ2016 በኮፐንሃገን በኒልስ ቦርክ የንሰን የኅትመት ቤት ያወጣችው ባለ ስድስት ሰሌዳው «ኤፒግራፍ፣ ደማስቆ» ይገኛል። እትሙ 16 ነው፤ ከከያኒዋ ስም ጋር የአታሚውም ስምና የኅትመቱ ዘዴ ተመዝግቦ ይታወቃል። በማንኪያ የታሸውንና በታላቅ ኅትመት ቤት የወጣውን የሚያገናኘው አንድ ሕግ ነው፤ ቅጂው የተባለውን መሆን አለበት።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ሥራ ግልጽ ነው። ከያኒው ለእያንዳንዱ ሰሌዳ መዝገብ ይክፈት፤ የታተመበትን ቀን፣ የወረቀቱን ዓይነት፣ የአታሚውን ስም፣ የቅጂውን ብዛት፣ ከቁጥር ውጭ የቀሩትንም ሳይሸሽግ ይጻፍ። ደካማ የወጣውን ቅጂ ሳይራራ ይቅደድ፤ እትሙ ሲያበቃ ሰሌዳውን ይሰርዝ፣ ወይም በግልጽ «ያልተወሰነ እትም» ብሎ በርካሽ ይሽጥ። ሁለቱም መንገዶች የተከበሩ ናቸው። የኤግዚቢሽን አዘጋጆች የተገለበጠውን ከታተመው ለይተው በመግለጫው ላይ ያስፍሩ። መምህሩም ተማሪውን ሁለት ቅጂዎችን አቅርቦ ጥቁረቱን፣ መስመሩንና ወረቀቱን እንዲያነጻጽር ያስተምረው። ተማሪው የኅዳጉን ቁጥር በመጨረሻ ያንብብ፤ ያን ጊዜ ቁጥሩ ዓይኑ አስቀድሞ ያየውን የሚያጸና ምስክር ይሆንለታል።